ጥፋቱ የኔ፣ ክሱ በፕሮቡ ላይ

አዳማ በምሠራበት ወርክሾፕ ሲኤምኤሙ (የዕቃ ልክ በትክክል የሚለካው ማሽን) ላይ ፋይቭ አክሲስ ስካኒንግ ፕሮብ፣ ማለትም ዕቃውን እየነካ ልኩን የሚያነብ ጫፍ፣ ካስገጠምን ወዲህ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ግን ዘግይቼ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ሦስት ሳምንት ባላቃጠልኩ ነበር።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ በተለመደው ሄድ (ፕሮቡን የሚይዘው ክፍል) ፕሮቡ አንድ አንግል ይዞ ይቆምና የሚሮጠው ከባዱ ማሽን ነው። አዲስ አንግል በተጠቀምክ ቁጥር ለዚያ አንግል ካሊብሬሽን (ልኩ በታወቀ ኳስ ፕሮቡን ማስተካከል) መሥራት አለብህ። በፋይቭ አክሲስ ግን ሄዱ ራሱ በሁለት አክሲስ እየዞረ ይለካል፣ ማሽኑ ብዙም አይንቀሳቀስም። የሬኒሾ ኩባንያ ሬቮ የሚባለው ሄድ በሰከንድ እስከ 500 ሚሊሜትር ስካን ያደርጋል። ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደ እንዝርት ሲሾር ሳይ የመጀመሪያው ቀን ሥራዬን ትቼ ቆሜ ነው ያየሁት።

ተከላው ያለችግር አለቀ። ሥልጠናውም እንደዚያው። ለማሽኑ የሚገባው የታመቀ አየር ደረቅና ንጹሕ እንዲሆን ማጣሪያ አስገባን፣ የካሊብሬሽን ኳሱን በአልኮል ጠረግን፣ ጀመርን።

ጉዱ የመጣው በሚያዝያ ሙቀት ነው። የአሉሚኒየም ካምቢዮ ሃውዚንግ ነበር፤ በሁለት ቀዳዳዎች መሀል 400 ሚሊሜትር። ጠዋት ለካሁት፣ ልክ ነው። ጥርስ ሊወጣለት ወደ ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ሄዶ ከሰዓት ሲመለስ ደግሜ ለካሁት፤ 37 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ረዝሟል። ዕቃው ላይ ያስቀመጥኩት ሴንሰር 28 ዲግሪ ያነባል። አይቼዋለሁ! ግን «ሶፍትዌሩ ልኩን ወደ 20 ዲግሪ ይመልሰዋል» ብዬ አለፍኩት።

አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ እንደሚጠረጠረው ሁሉ እኔም ሄዱን ጠረጠርኩ። ስድስት ጊዜ ካሊብሬሽን ሠራሁ። ስታይለስ (ጫፉ ላይ ኳስ ያለውን መንኪያ ዘንግ) ቀየርኩ። አስመጪው ጋ ስደውል ባለሙያው ምንም ሳይጠይቅ «ፈታችሁ ላኩልን» አለኝ። ለመላክ ደግሞ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ፊርማ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ። በዚያው ሰሞን አስተዳደር መብራት ለመቆጠብ ብሎ የመለኪያ ክፍሉን ኤሲ ማታ ማታ ማጥፋት ጀምሮ ነበርና ሁለተኛው ተከሳሽ እሱ ሆነ። ሁለት ማመልከቻ ጻፍኩ። ያገኘሁት መልስ «ማሽኑ ማታ አይሠራም፤ ለማን ብለን ነው የምናቀዘቅዘው?» የሚል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቡናዬን ይዤ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ውጤት በሥራ ትእዛዙ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። የቀዳዳዎቹ ክብነት ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው። የተለወጠው ርቀት ብቻ ነው፤ 100 ሚሊሜትሩ በ9 ማይክሮን፣ 250ው በ23፣ 400ው በ37። የሄድ ጥፋት ቢሆን አንግል ሲቀየር ይታይ ነበር እንጂ እንዲህ ርዝመት እየተከተለ አያድግም። ፕሮግራሙን ከፍቼ የማቴሪያሉን ቦታ አየሁ፤ 11.5 ይላል። የብረት ቁጥር! አንድ ሜትር ብረት በአንድ ዲግሪ 11.5 ማይክሮን ያህል ሲረዝም አሉሚኒየም 23 ያህል ይረዝማል። ሶፍትዌሩ ግማሹን ብቻ ነበር የሚቀንስልኝ። ፕሮግራሙን ከብረት ሻፍት ሥራ ገልብጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ «አዘጋጅ» በሚለው ላይ ያለውም ስም የኔ ነው። ቡናው ቀዝቅዞ ቀረ።

አሁን ፕሮግራም ስገለብጥ መጀመሪያ የማየው ያንን ቁጥር ነው። ሴንሰሩ አለ ብዬም ትኩስ ዕቃ አልለካም። አሠልጣኙ የሶፍትዌሩ የሙቀት ማካካሻ ይበቃል ብሎን ነበር፤ አዳማ ከሰዓት ላይ ግን አይበቃም። ሴንሰሩ የሚያነበው አንድ ቦታ ነው፣ ዕቃው ደግሞ ባንድ በኩል ሞቆ በሌላው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዕቃዬ ክፍሉ ውስጥ ያድራል፤ ፎርማኑ ይቆጣ። ፍጥነቱንም «እስከ ጥግ ሂዱበት» ተብለናል፤ እኔ ልኩ የታወቀ ሪንግ ጌጅ (የመፈተሻ ቀለበት) በሦስት ፍጥነት ስካን አድርጌ፣ ውጤቱ መዋዠቅ ሲጀምር ወደ ታች እመለሳለሁ። ለአሉሚኒየም ሩቢ ኳስ ያለው ስታይለስም ትቻለሁ፤ ሲንሸራተት አሉሚኒየሙ ይለጠፍበታል። የሲሊኮን ናይትራይድ (የሴራሚክ ዓይነት) ኳስ ይሻላል።

የሚያናድደኝ ጥፋቴን ማመኔ ነው። አስተዳደሩ ደብዳቤዬን መልሶ «ስህተቱ ያንተ ከነበረ ኤሲው ምን አገባው?» አለኝ። የማሽኑ የግራናይት ድንጋይ ጠረጴዛ ስንት ኩንታል ነው፣ ማታ ከሞቀ ጠዋት ኤሲ ስለከፈትክለት በአንድ ሰዓት አይመለስም ብዬ አስረዳሁ። ሰሚ የለም። አሁን የኤሲውን ማብሪያ በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ጥበቃው ማታ ማታ ይልጠዋል፣ እኔ ጠዋት መልሼ እለጥፋለሁ።