የኤደን ባሕረ ሰላጤን ከደሴ ሆነን እንዴት ተከታተልን

ወደዚህ ነገር የከተተኝ አንበጣው ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወሎ ውስጥ የደረሰ ማሽላ ሲጋጥ ያየ ሰው አይረሳውም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ከየት ነው የመጣው?» ብለው ያዙኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ «ከየመን ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የመን ድረስስ ምን አመጣው? ወደኋላ ስከተለው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑ እና ሉባን የሚባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በወራት ልዩነት የዓረብን በረሃ አርሰውት ነበር። በረሃው ለመለመ፣ አንበጣውም ማንም ሳያየው ተራባ። በ2019 መጨረሻ ደግሞ የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቀ፤ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። እርጥብ አሸዋ ለአንበጣ እንቁላል ምቹ ነው። የቀረውን ወሎ ያውቀዋል።

ይህን ሳስረዳ ከኋላ ወንበር የመጣው ጥያቄ ባሰ። «ውቅያኖሱ መሞቁን ማን ሄዶ ለካው?»

መልሱ አርጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የውቅያኖስ መለኪያ ፕሮግራም ነው። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ተበትነዋል። ወደ 30 የሚሆኑ አገሮች ናቸው ገንዘብ አዋጥተው የሚያሰማሯቸው። ግማሽ ያህሉ የአሜሪካ ነው፤ ሌላው የፈረንሳይ፣ የአውስትራሊያ፣ የጃፓን፣ የሕንድ፣ የቻይና እያለ ይቀጥላል። ዕቃው በቁመት ሰው የሚያክል ቱቦ ነው። ወደፊት የሚገፋው ሞተር የለውም። ውስጡ ያለውን ዘይት ውጭ ወዳለ ከረጢት ሲገፋ ይሰፋና ወደ ላይ ይወጣል፤ መልሶ ሲስበው ይሰምጣል። ክብደቱ አይለወጥም፣ የሚለወጠው የሚይዘው ቦታ ብቻ ነው። 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ከውሃው ፍሰት ጋር ይጓዛል። በየ10 ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ይወርድና ሙቀቱንና ጨውነቱን እየለካ ይወጣል፤ ያገኘውን ለሳተላይት ይልካል፣ ተመልሶ ይሰምጣል። መረጃው በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንም ክፍት ነው። ለማንም ስል ደሴ ላለ አስተማሪም ጭምር ማለቴ ነው።

እኔም እውነት መሆኑን ለማየት ሞከርኩ። ሆነ።

አንድ ቱቦ ብቻ መርጠን ዓመቱን ሙሉ ልንከተለው ወሰንን። ምርጫው ላይ ብዙ ጊዜ ፈጅቻለሁ፤ ዋጋም ነበረው። መጀመሪያ ዕድሜውን አየሁ። ባትሪው ከአራት አምስት ዓመት ብዙም ስለማይዘልቅ በቅርቡ የተጣለ መሆን አለበት። ቀጥሎ ቦታውን። ፓሲፊክ ላይ ያለ ቱቦ ለልጆቹ ወሬ ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን ጎረቤት ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ከያዝክ ብሬስት፣ ፈረንሳይ ያለው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ታገኘዋለህ። ኢንተርኔቱን የፈራ አይፍራ፤ ሙሉውን ፋይል ማውረድ የለብህም። የአንድ ጊዜ ልኬት ቁጥሮቹ ብቻ ሲሆኑ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ዳታ ነው የሚበሉት። እኔ ማታ ኔትወርኩ ሲለቅ በስልኬ እከፍትና በወረቀት እገለብጠዋለሁ። መብራት ቢጠፋ ጠዋት ትምህርቱ አይቆምም።

ግራፉን ኮምፒውተር እንዲሠራው አልፈለግኩም። ልጆቹ በስኩዌር ደብተር በእጃቸው ነው የሚስሉት። ጥልቀቱ ከላይ ወደ ታች፣ ሙቀቱ ወደ ጎን። በአንደኛው ቀን ሁሉም ተገልብጦበት ተንጫጫ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዜሮ ታች ነው፣ እኛ ጋ ላይ ነው። ከተላመዱት በኋላ ግን መስመሩ ራሱ ይናገራል። ላይኛው ውሃ 30 ዲግሪ አካባቢ ይጀምርና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። 2,000 ሜትር ሲደርስ ከ5 ዲግሪ በታች ነው።

የጨውነቱ መስመር ግን ክፍሉን አስነሣው። እየቀነሰ መጥቶ ከ500 እስከ 800 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ተመልሶ ወደ ቀኝ ያብጣል። አንዷ ተማሪ ተሳስቼ የገለበጥኩ መስሏት ቁጥሩን ደጋግማ አስነበበችኝ። ስሕተት አይደለም፤ ቀይ ባሕር ነው። ቀይ ባሕር የረባ ወንዝ አይገባበትም፣ ፀሐዩ ደግሞ ውሃውን ያተነዋል። ስለዚህ ጨው የበዛበት ከባድ ውሃ በባብ ኤል መንደብ በር በታች በኩል እየፈሰሰ ወጥቶ ክብደቱን የሚመጥን ጥልቀት ሲያገኝ እዚያ ይነጠፋል። በማግሥቱ አንዱ ልጅ አያቱን ጠይቆ መጣ። አያቱ በደጉ ጊዜ ከኮምቦልቻ አሰብ ጭነት ያመላልሱ የነበሩ ሹፌር ናቸው። «አሰብ ገብተህ ዋኝተህ ስትወጣ ቆዳህ ላይ ጨው ይጋገራል» ብለውታል። ከእኔ የአንድ ሳምንት ማብራሪያ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር በለጠ። እውነት ለመናገር ትንሽ ቀናሁ።

ወደ ትንበያው የገባነው ከዚህ በኋላ ነው። ቱሉዝ ያለው መርካቶር ኦሽን የሚያንቀሳቅሰው የአውሮፓ የባሕር አገልግሎት፣ ኮፐርኒከስ፣ የዓለምን ውቅያኖስ ለሚቀጥሉት 10 ቀናት በየቀኑ ይተነብያል፤ እሱም በነፃ። ቱቦው በ10 ቀን ይወጣል፣ ትንበያውም 10 ቀን ያያል። ይህን የመሰለ ግጥምጥሞሽ አይታለፍም። ቱቦው ሊወጣ ሲል ላይኛው ውሃ ስንት ዲግሪ፣ 100 ሜትር ላይስ ስንት እንደሚሆን ከትንበያው አውጥተን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ቱቦው ሲወጣ እናመሳክራለን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ቀድሞ መለጠፍ አለበት። ቱቦው ያመጣው መረጃ ወዲያው ትንበያውን ወደሚሠራው የኮምፒውተር ሞዴል ስለሚገባ፣ በኋላ ብታስተያዩ ሞዴሉ መልሱን አይቶ የተፈተነ ተማሪ ነው።

ውጤቱ ደስ ይላል። ላይኛው ውሃ ላይ ትንበያው እምብዛም አይሳሳትም፣ ምክንያቱም ሳተላይቶች በየቀኑ ያዩታል። 100 ሜትር ላይ ግን አንዳንዴ በዲግሪዎች ይስታል። ሳተላይት የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ይለካል እንጂ ውስጡ ገብቶ አያይም። በዚያ ላይ ባሕረ ሰላጤው አዙሪት ይበዛበታል። ልጆቹ ቱቦው ለምን እንዳስፈለገ ያን ቀን ገባቸው። እኔ ሳልናገር።

ሰነፍ መስሎኝ የነበረ ልጅ ደግሞ ይህን ጠየቀኝ፦ «ቱቦው የሶማሊያ ወይም የየመን ውሃ ውስጥ ቢገባስ? ማን ፈቀደለት?» ጥሩ አድርጎ ነው የጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ1999 የዩኔስኮ የባሕር ሳይንስ ኮሚሽን በዚህ ላይ ውሳኔ አሳልፏል፤ ቱቦው ወደ ውሃዋ ሊገባ የሚችል ባለዳርቻ አገር አስቀድሞ ይነገራታል። ሁሉም ነገር በስምምነት ብቻ አይሄድም እንጂ። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች በበዙበት ጊዜ የምርምር መርከቦች ወደ አካባቢው መቅረብ ፈርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካና የአውስትራሊያ ባሕር ኃይሎች ናቸው ቱቦዎችን በመጣል የረዱት። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለበት ክር ቀጭን ነው። ጥቂት ሀብታም አገሮች በጀት ቢቆርጡ ዓይናችን ይደበዝዛል፣ እኛ ደግሞ ድምፅም የለንም። ይህ አያስደስተኝም፤ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ።

ቢሆንም እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ኮምቦልቻ ጣቢያ የሚለካው ሙቀትና ዝናብ የሚተላለፈው የቱቦው መረጃ በሚሄድበት በዚያው የዓለም ሜትሮሎጂ መረብ ነው። ይህን በሚኒ ሚዲያ ስናነብ ከኮምቦልቻ የሚመላለሱት ተማሪዎች ሲኮሩ ማየት ነበር።

ችግር የገጠመን በወላጆች ቀን ነው። አንድ የኩታበር ገበሬ ግራፎቹን በትዕግሥት አይተው ሲያበቁ «ታዲያ መምህር፣ በልጉ ይዘንባል ነው አይዘንብም?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሌላው ምን ያደርግላቸዋል? ግን አንድ ቱቦ ይዞ ዝናብ አይተነበይም። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቁ፣ የእኛን ክረምት እንደሚያዳክም ይታወቃል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት አይተነዋል፣ ዓመቱ ሳይዞር ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በልግ ግን እንዲህ ባለ ቀጥተኛ ክር አይያዝም። ስለዚህ የራሴን ትንበያ አላወጣም ብዬ ቆረጥኩ። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የሚያወጡትን ማስረዳት ይበቃኛል።

እነሱ የሚናገሩት በዕድል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ይህን ለማስረዳት አሥር ወረቀት ቆርጠን፣ አምስቱ ላይ «በታች»፣ ሦስቱ ላይ «መደበኛ»፣ ሁለቱ ላይ «በላይ» ጽፈን ባርኔጣ ውስጥ እንጨምራለን። እኚያ ገበሬ አንድ አወጡ፤ «በላይ» ወጣላቸው። ሳቁና «እንዲህ ከሆነማ ገብሱን ሙሉ በሙሉ አልተውም፣ ግማሹን እዘራለሁ» አሉ። ከዚህ የተሻለ አረዳድ ከዩኒቨርሲቲ ምሩቅም አልሰማሁም።

ዘንድሮ ደግሞ አንድ የኮምቦልቻ ጓደኛዬ ክፍሉን ይዞ ተቀላቅሎናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉድ የሠራውን የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል፣ ማለትም የውቅያኖሱን ምዕራብና ምሥራቅ የሙቀት ልዩነት፣ እየተከታተልን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የምዕራቡ ውሃ ከአማካዩ ስንት እንደራቀ ታያለህ፣ የምሥራቁን ትቀንስበታለህ። እኛ የሶማሊያን ወገን ይዘናል፣ እነሱ የሱማትራን። ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ቁጥር እንለዋወጣለን። ኮምቦልቻዎች ሁልጊዜ ይዘገያሉ። ኔትወርክ ነው ይላሉ፤ የእኛም ሰበብ ያው ስለሆነ መከራከር አልቻልንም።