ከውሃ ፓምፑ ሥር የቀረው ቡሎን

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ውሃ የምታፈስ አሮጌ ኮሮላ ገባች። ሥራው የውሃ ፓምፕ መቀየር ነው፣ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ፓምፑን ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ካሰሩት ቡሎኖች ሌሎቹ ወጡ፤ የታችኛው ግን ንቅንቅ አላለም። የእሱ ቀዳዳ እስከ ውሃው መተላለፊያ ድረስ የተበሳ ነው፣ የመኪናዋ ባለቤት ደግሞ ለዓመታት ሲሞላ የኖረው የቧንቧ ውሃ ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ በቡሎኑና በቀዳዳው ጥርስ መሃል ያበጠው ዝገት እንደ ሽብልቅ ቡሎኑን ነክሶ ይይዘዋል።

ረዳቱ የ12 ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ተጫነው። ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ለዚህ ጉልበት አልተሠራም። ከመቆረጡ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፉ ሳይንቋቋ ለስለስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ቡሎኑ እየተፈታ ሳይሆን እየተጠማዘዘ ነው። እዚያ ላይ ቆም ማለት፣ ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ማርሽ) ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅሎ መንጠብና ማሳደር፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ጥቂት ወደ መፍቻው እያመላለሱ ማላቀቅ ነበረበት። አልቆመም፤ ጭንቅላቱ ተቆረጠ።

ፓምፑ ሲወልቅ ግን ወደ 6 ሚሊ የሚሆን ጉቶ ወጥቶ ታየ። ይህ ዕድል ነው። በጉቶው ላይ ዳዶ አጥልቆ ውስጡን በብየዳ ቢሞሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይወጣል። ረዳቱ በፒንሳ ነክሶ ሲያሽከረክረው ጉቶውም ተሰብሮ ከብሎኩ ጋር እኩል ሆነ። «ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለ። ዋናው መካኒክ ሌላ መኪና ሥር ነበርና ቀና ብሎ አላየም።

ቀጥሎ ድሪልና አውጪ መጣ። አውጪ በተሰበረው ቡሎን መሃል በድሪል በተበሳ ቀዳዳ የሚሰካ ሾጣጣ ብረት ነው፤ ሁለት ጠባይ አለው። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የቡሎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ስለሚገፋ የዛገውን ጥርስ ይበልጥ ያጣብቃል፤ በዚያ ላይ በጣም የጠነከረ ስለሆነ ሳይታጠፍ በድንገት ይሰበራል። ተራ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ደግሞ እሱን አይበላውም፣ ይንሸራተትና ለስላሳ ወደሆነው ብሎክ ይሄዳል። ስለዚህ አውጪ የሚሞከረው ቡሎኑ ቀድሞ መላላቱ ሲታወቅ ብቻ ነው። እዚህ አልታወቀም ነበር፤ አውጪውም ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ።

ዋናው መካኒክ በማግስቱ ሲረከበው መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፣ የዲናሞውን ገመድም አላቀቀ፤ በብየዳ ኤሌክትሪክ የተቃጠለ ዲናሞ ብዙ አይቷል። የነዳጅ ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለ። የብየዳ መሬቱን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) በመኪናዋ አካል ላይ ሳይሆን በብሎኩ ላይ፣ በቅርብ አሰረው። በጉቶው ላይ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አስቀምጦ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከመሃል ወደ ዳር በየዳት፤ እሳቱ የብሎኩን ጠርዝ ከነካ ቡሎኑ ከብሎኩ ጋር ይጣበቃል። ሮንዴላዋ ላይ የ10 ዳዶ አድርጎ ውስጡን ሞላው።

የመጀመሪያው ዳዶ ሲዞር ተነቀለ። ሁለተኛውም። ይህ የተለመደ ነው፤ ሦስትና አራት ጊዜ መበየድ ውድቀት አይደለም፣ እያንዳንዱ ብየዳ ቡሎኑን እያጋለ ሲበርድም እያኮማተረ ዝገቱን ይሰብረዋልና። ከሦስተኛው በኋላ የዳዶው ቅላት እስኪጠፋ ጠብቆ ሻማ ጫፉ ላይ አስነካው፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ተሳበ። ቁልፉን አስገብቶ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ አመላለሰው። ቡሎኑ ከነተሰበረው አውጪ እየተንቋቋ ወጣ።

ጥርሱ አልተበላም። ተበልቶ ቢሆን በ8.3 ሚሊ ፑንታ አስፍቶ ሄሊኮይል (አዲስ ጥርስ የሚሆን የሽቦ ጥቅል) ማስገባት ግድ ይሆን ነበር። የ8 በ1.25 ታፕ (የቀዳዳ ጥርስ ማውጫ) ግሪስ ተቀብቶ፣ ግማሽ ዙር እየገባ ሩብ ዙር እየተመለሰ ቀዳዳው ጸዳ። ግሪሱ ብናኙን ይይዛል፣ አለዚያ ወደ ውሃው መተላለፊያ ይገባል። አዲሱ ቡሎን ከሶማሌ ተራ መጣ፤ ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬው ደረጃ 8.8 የተጻፈበት፣ ርዝመቱ ከድሮው ጋር እኩል። ቀዳዳው ውሃ ድረስ ስለሚደርስ ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ተቀባ።

ባለቤቱ ሒሳቡን አይቶ፣ «እዚህ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ይሠራል?» አለ። ዝገቱን ለመከላከል ነው። ደግሞም አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ከላላ ሞተሩ በቶሎ ይግላል፤ ኩላንት የተቀላቀለበት ውሃ ግን ዘግይቶ ይፈላል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ተሞላ፤ ሞተሩ ጋለ፣ በረደ፣ አዲሱ ቡሎን ሥር በጣት ተዳሰሰ። ደረቅ ነበር።