ቀርፋፋ ምት እና «ጨጓራ» የተባለ ልብ

ሃርት አታክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ልቡ ድው ድው የሚል ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምቱ የሚቀንሰው ነው፤ ማንም ስለማይፈራው።

ምቱ ሽቅብ ይውጣ ቁልቁል ይውረድ፣ በአብዛኛው የሚወስነው ደም ያጣው የልብ ግድግዳ ነው። የፊተኛው ሲጎዳ ልብን የሚያስሮጡት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ያይላሉ፤ ምቱም የደም ግፊቱም ይጨምራል። የታችኛውና የኋለኛው ሲጎዳ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ልብን የሚያዘገየው የቬገስ ነርቭ ጫፎች በብዛት አሉ። ጡንቻው ደም ሲያጣ ወደ አንጎል ግንድ መልእክት ይልካሉ፤ መልሱም በዚያው በቬገስ ይመጣል። ምቱ ይቀንሳል፣ ደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊት ይወድቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። ቤዞልድ-ያሪሽ ሪፍሌክስ (ሰውነት ሳይታዘዝ የሚሰጠው ምላሽ) የሚሉት ይኼንን ነው። የቤልፋስት ሐኪሞች ዌብ፣ አድጌይና ፓንትሪጅ ሕመሙ በጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያገኟቸውን ሕሙማን ተመልክተው ይህን የፊትና የታች ልዩነት በ1972 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል።

እኛ አገር ደግሞ እምብርት አካባቢ የሚያቃጥልና የሚያስመልስ ነገር ሁሉ ስሙ «ጨጓራ» ነው። ላብ ያጠመቀው፣ የሚያስመልሰው የ55 ዓመት ሰው ግፊቱ 85/50፣ ምቱ 46 ሆኖ ቢመጣ፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ቀላል ነው። ቁጥሮቹን አብሮ ማንበብ ነው ቁም ነገሩ። ግፊት 85 ሲገባ በአንገትና በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) ቅስት ያሉት ግፊት ለኪ ነርቮች፣ ባሮሪሴፕተሮች፣ ምቱን ከ100 በላይ ሊያስሮጡት ይገባ ነበር። ካላስሮጡት፣ አንድ ነገር፣ ምናልባትም ያው ሪፍሌክስ፣ አፍኗቸዋል ማለት ነው። (ምትን የሚያዘገየውን መድኃኒት፣ ቤታ ብሎከር፣ የሚወስድ ከሆነ ግን ምክንያቱ እሱም ሊሆን ይችላል፤ ይጠየቅ።)

እንዲህ ያለ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሳ። የታችኛውን ግድግዳ በሚያሳዩት ሊድ ሁለት፣ ሦስትና ኤቪኤፍ ላይ ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ካለ፣ የቀኝ ደረቱም በቪ4አር (በቀኝ ደረት በሚለጠፈው ሊድ) ይታይ። የቀኝ ልብ ከተጎዳ የሚሠራው በሚመለስለት ደም ብዛት ነውና፣ ደም ሥርን አስፍቶ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም የሚቀንሰው፣ ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ግፊቱን ድንገት ይጥለዋል፤ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። ሞርፊንም ቬገስን ያበረታል። ሳንባው ንጹሕ ከሆነ ኖርማል ሳላይን 250 ሚሊ እየሰጡ ደጋግሞ ማየት፤ የምቱ መዘግየት ግፊቱን ከጎዳው ቬገስን የሚያግደው አትሮፒን 1 ሚሊግራም በደም ሥር፣ በየ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በድምሩ እስከ 3 ሚሊግራም። በአንድ ጊዜ ከ0.5 ሚሊግራም በታች ከተሰጠ ምቱን ይባስ ሊያዘገየው ይችላል። አስፕሪን 300 ሚሊግራም ይታኘክ፤ አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለ።

የተዘጋው የቀኝ ኮሮናሪ (ልብን የሚመግበው ደም ሥር) ሲከፈትም ያው ሪፍሌክስ ይነሳል። ደም ሥሩን የሚከፍተው ባሉን በተነፋ በደቂቃ ውስጥ ምቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ አትሮፒኑ ቀድሞ በሲሪንጅ ተቀድቶ ይጠብቅ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ሊቀር የሚችለው አንዱ ጉዳት ባሮሪፍሌክሱ፣ ማለትም ግፊት ሲለዋወጥ ምቱን የሚያስተካክለው ምላሽ፣ መዳከሙ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው አትራሚ የተባለ ጥናት ሃርት አታክ የደረሰባቸውን 1,284 ሕሙማን ተከታትሎ፣ ግፊት በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲጨምር በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ከ3 ሚሊሴኮንድ በታች ብቻ የሚረዝምላቸው በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ያ መለኪያ በየክሊኒኩ አይገኝም። ግፊትን ግን ተኝቶ፣ ከዚያ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መለካት ይቻላል፤ የላይኛው በ20 ከወረደ የመድኃኒቶቹ መጠን እንደገና ይታይ፣ ታማሚውም ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ሳይቀመጥ አይነሳ።