በሁለት ሞተር ተነስቶ በአንድ መቅረት

ከቀላል ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ሲጠፋ ጉልበቱ በግማሽ፣ ሽቅብ የመውጣት አቅሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። አውሮፕላን የሚወጣው ከፍታውን ጠብቆ ለመብረር ከሚያስፈልገው በተረፈ ጉልበት ብቻ ነውና።

ለማሰልጠኛ የሚውለውን ፓይፐር ሴሚኖል እንይ። ባለ 180 የፈረስ ጉልበት ሁለት ሞተሮች አሉት፤ በአንዱ ብቻ ሲበር ግን ጣሪያው፣ ማለትም ሊወጣ የሚችልበት ከፍታ፣ 3,800 ጫማ ገደማ ነው። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። ከዚያ ቢነሳና አንዱ ቢጠፋበት መውጣቱ ቀርቶ ከፍታውንም አይጠብቅም፤ የቀረው ሞተር መውረዱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስለዚህ ውሳኔው ከመነሳት በፊት ያልቃል። ሞተሩ የጠፋው ጎማው መሬት ሳይለቅ ከሆነ ሁለቱንም ትሮትል (የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያ) ዘግቶ ፍሬን መያዝ ነው። ተነስቶም ጎማው ካልታጠፈና ከፊት በቂ መንደርደሪያ ካለ፣ እዚያው ማረፍ።

አየር ላይ ከሆነ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ በፔዳል (በእግር በሚገፋው የጅራት መሪ) ቀጥ ማድረግ። ፍጥነቱ ሰማያዊው መስመር (በአንድ ሞተር በተሻለ የሚወጣበት ፍጥነት ምልክት) ላይ፣ በሴሚኖል 88 ኖት ላይ ይያዝ። ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ)፣ ፕሮፔለርና ትሮትል ሁሉም ወደፊት፤ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ፍላፕና ጎማው ወደ ላይ። ፔዳል የማይገፋው እግር ያለበት ወገን የጠፋው ሞተር ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ምንም አይዘጋም፦ የዚያን ሞተር ትሮትል ቀስ ብሎ መሳብ፤ ምንም ካልተለወጠ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታይፔ ላይ የትራንስኤዥያ አየር መንገድ ኤቲአር አውሮፕላን አብራሪዎች የሚሠራውን ሞተር ዘግተው 43 ሰው አልቋል።

ከዚያ ፕሮፔለሩን ፌዘር ማድረግ (ነፋሱን እንዳይጋፋ ምላጮቹን ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ማዞር)፣ ሚክስቸሩን መቁረጥ። እዚህ መዘግየት አያስፈልግም፤ የሴሚኖል ፕሮፔለር ዙሩ በደቂቃ ከ950 በታች ከወረደ መቆለፊያ ፒኖቹ ይይዙትና ፌዘር አይሆንም። በነፋስ እየተሽከረከረ የሚጎትት ፕሮፔለር ደግሞ የቀረችውን ጥቂት አቅም ይበላል። ወደሚሠራው ሞተር ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ማዘንበል ጉተታውን ይቀንሳል።

የደጋ አብራሪ በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ቪኤምሲ ነው፤ በአንድ ሞተር አቅጣጫን መቆጣጠር የሚቻልበት ዝቅተኛው ፍጥነት። በሴሚኖል 56 ኖት ነው። ከፍታ ሲጨምር ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለሚደክም ቁጥሩ ይወርዳል፤ ስቶል (ክንፉ የመሸከም ኃይሉን ማጣት) የሚገባበት የፍጥነት መለኪያ ንባብ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ደጋ ላይ ስቶሉ ሊቀድም ይችላል፤ ጉልበቱ በአንድ ወገን ብቻ እያለ ስቶል መግባት ደግሞ ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ይወስዳል። የስቶል ማስጠንቀቂያው ከጮኸ፣ ወይም ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ አፍንጫው መዞሩን ካላቆመ፣ መሬቱ ቅርብ ቢሆን እንኳ የሚሠራውን ሞተር ትሮትል መቀነስና አፍንጫውን ማውረድ ግድ ነው። ክንፉ ቀጥ ብሎ፣ መሪው በእጅ ሆኖ ሜዳ ላይ ማረፍ ከመገልበጥ ይልቅ የመትረፍ ዕድል ይሰጣል።