ካትሪን ጁስተን፦ ከ42 እስከ 72

ስለ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ካትሪን ጁስተን ሲወራ ሁሌም የሚቀድመው ዕድሜዋ ነው። ትወና የጀመረችው በ42፣ ሆሊውድ የገባችው 55 ሞልቷት፣ የመጀመሪያውን ኤሚ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት) የወሰደችው በ65። ቁጥሩ ለወሬ ይመቻል፤ መሃል ላይ ያሉትን 13 ዓመታት ግን ውጦ ያስቀራቸዋል።

ቺካጎ ውስጥ በማይክል ሪስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበረች። የሥነ አእምሮ ሐኪም አገባች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ተፋታች። ኑሮ ለመግፋት የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት ትለጥፍ ነበር። በ1982 በአካባቢዋ አማተር ቴአትር ውስጥ ገባች። በ1992 ኦርላንዶ የሚገኘው የዲዝኒ መዝናኛ የጎዳና ተዋናይት አድርጎ ቀጠራት። እዚያ መድረክም መጋረጃም የለም፤ ተመልካቹ አይስክሬሙን ይዞ የሚያልፍ ሰው ነው፣ ካልጣመው መንገዱን ይቀጥላል። ሥራው አንድ ዓመት ቆየ። በ1995 ሎስ አንጀለስ ደረሰች፤ ወራት ሳይቆይ «ፋሚሊ ማተርስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ትንሽ ሚና አገኘች።

ትንሽ ሚና ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው የተጠራቀመበትን ዓመት ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያወጣው ይሞክራል፦ ድምፅ ይጨምራል፣ እጁን ያወናጭፋል። ለመድረክ የተለካ ፊት ደግሞ ካሜራ ሲቀርበው ይበዛል። ኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) የምትገባ ተዋናይት እጇ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ የሴትየዋ ታሪክ እዚያ የለም። ስለዚህ ራሷ መወሰን አለባት፦ አሁን ከመግባቷ በፊት ምን እየሠራች ነበር? እጇ ምን ይዟል? ከፊቷ ካለው ሰው የምትፈልገው ምንድን ነው? ይህ ከተወሰነ ቃሉን ዝም ብሎ መናገር ይበቃል።

ስለ ዋይት ሃውስ በሚያወራው ተከታታይ ድራማ «ዘ ዌስት ዊንግ» ላይ የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ላንዲንግሃም ሆነች። (እኚህን ሴት በአማርኛ ሳስባቸው አንቱ ናቸው፤ ሌላ አይሆንልኝም።) በ1999 የገና ክፍል ላይ ለወጣቱ ረዳት ለቻርሊ መንታ ልጆቻቸው በ1970 የገና ዋዜማ ቬትናም፣ ዳ ናንግ ላይ እንደሞቱ ይነግሩታል። ዋይታ የለም፤ ድምፅ ከፍ አይልም። ንግግሩ እንደ ቢሮ ወሬ ይጀምርና እናትነታቸው ላይ ሲደርስ ብቻ ይላላል። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ከመጀመሪያው ቃል ታለቅስ ነበር፤ ያኔ ለመጨረሻው ምንም አይተርፍም። ገጸ ባሕርይዋ በ2001 አዲስ መኪናቸውን ይዘው ሲመለሱ ሰካራም ሹፌር ገጭቶ ይገድላቸዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በዚያው ዓመት የሆስፒታል ኮሜዲ በሆነው «ስክረብስ» ላይ የሠራችው ነው። ወይዘሮ ታነር የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ አይሆንም፣ ይበቃኛል ይላሉ። ወጣቱ ዶክተር በሕይወታቸው ገና ያልሠሩትን ሊቆጥርላቸው ይነሳል፤ ሁሉንም ሠርተውታል። እዚህ ላይ የነርስነቷ ዘመን ይታያል ብዬ አምናለሁ። የወሰነ ታካሚ አይከራከርም፤ ይልቁንም የሚያባብለውን ሐኪም ያጽናናል። እሷም እንዲሁ አድርጋ ነው የሠራችው። የሳንባ ካንሰር እንዳለባት የታወቀውም በ2001 ነበር።

በተከታታይ ድራማው በ«ዴስፐሬት ሃውስዋይቭስ» ጎረቤቲቱን ካረን ማክለስኪን ስትሠራ ደግሞ ነገሩ ቀልድ ነው። ካረን ጡረታው እንዳይቀርባት ብላ የሞተ ባሏን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጠች ሴት ናት። እንዲህ ያለውን ሚና የሚያበላሸው ለማሳቅ መጣር ነው። ካትሪን ጉዳዩን እንደ ቤት ወጪ ሒሳብ ያዘችው፤ የሚያስቀውም እሱ ነው። በ2005 እና በ2008 ሁለት ኤሚ አስገኘላት፤ ሁለቱም በእንግዳ ተዋናይት ዘርፍ።

በ2009 ካንሰሩ ዳግም መጣ። ደራሲዎቹ በመጨረሻው ምዕራፍ ለካረንም ካንሰር ጻፉላት፤ እሷም ሠራችው። ካረን የሞተችበት የመጨረሻ ክፍል የታየው ሜይ 13 ቀን 2012 ነው። ካትሪን በ20ኛው ቀን፣ ጁን 2፣ በ72 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ክረምት የኤሚ ዕጩዎች ሲታወጁ ስሟ ነበረበት፤ በእንግዳ ዘርፍ ሳይሆን በረዳት ተዋናይት ዘርፍ።