ከሳነቴ የመጣ አፈር አራት ኪሎ ላይ ሲተነፍስ

አስቸጋሪ ቦታ ላይ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲወራ እኛ አገር ቶሎ የሚነሳው ዳሎል ነው። ሙቀቱ፣ ጨዉ፣ አሲዱ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላኛው ጫፍ፣ ብርዱ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ከፍታ ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በደረቁ ወቅት የአፈሩ ገጽ ሌሊት በረዶ ይሠራል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል። በማግስቱም እንደዚያው። የሳይቤሪያ አፈር አንዴ ከቀዘቀዘ ለወራት ቀዝቅዞ ይከርማል። የሳነቴ ተሕዋስ ግን ይህንን ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ያያል።

ይህንን ኑሮ በኬሚስትሪ መለካት ፈለግኩ። ሥራውን የሠራሁት አራት ኪሎ ባለ ቤተ ሙከራ (ላብ) ውስጥ ነው። ውድ ማሽን አልነበረኝም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አያስፈልግም።

የለካሁት ትንፋሽ ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ ካርቦን ይበላሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። 50 ግራም እርጥብ አፈር ክዳኑ ግጥም ባለ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አጠገቡ በትንሽ ብልቃጥ 20 ሚሊ ሊትር፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አኖራለሁ። ከአፈሩ የሚወጣውን ጋዝ እሱ ይውጠዋል። በኋላ ባሪየም ክሎራይድ ስጨምርበት የተዋጠው ጋዝ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ሳይነካ የቀረውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታይትሬት አደርጋለሁ፤ ማለትም አሲዱን ጠብ እያደረግኩ ስንት እንደሚወስድ እለካለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው። አፈር የሌለበት ጠርሙስ፣ ማለትም ብላንኩ፣ ከወሰደው 0.1 ሞላር አሲድ እያንዳንዱ የጎደለ ሚሊ ሊትር 0.6 ሚሊ ግራም ካርቦን ማለት ነው።

ጠርሙሶቹን ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። የጎማ ቀለበት ያላቸውን መረጥኩ። ዘግቼ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ስነክራቸው አረፋ የሚያወጡትን በሙሉ አስወገድኩ። ጋዝ የሚያሾልክ ጠርሙስ ይዞ ስለ ትንፋሽ ማውራት ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በተለመደው አሠራር አፈር የሚቀመጠው 25 ዲግሪ ላይ ነው። ለአዳማ አፈር ችግር የለውም። የሳነቴን አፈር 25 ዲግሪ ላይ ስታስቀምጡት ግን የምትለኩት እዚያ ያለውን ኑሮ አይደለም። በሙቀቱ የሚጠቀሙት ይበዛሉ፣ ብርድ ወዳዶቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ቁጥሩም አምሮና ተልቆ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ክፍል ፍሪጅ ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ፣ ሌላውን 15 ላይ፣ ሌላውን 25 ላይ አስቀመጥኩ። የ25 ዲግሪውን ያስቀመጥኩት ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው።

የ4 ዲግሪው ትዕግሥት ይፈትናል። ቤት ውስጥ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ይህንን ያውቀዋል፤ በሐምሌ ብርድ ሊጡ አልሞተም፣ ጊዜውን እየወሰደ ነው። በጥቂት ቀናት ከለካችሁት ከብላንኩ ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ጠብታ ነው፣ ያ ደግሞ ከእጅ ስህተት አይለይም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ የአፈሩን መጠን መጨመርና ረዘም ላለ ጊዜ መተው። እኔ ሁለቱንም አደረግኩ። ያኔ ልዩነቱ ጥርት ብሎ ወጣ።

በብርድ ሕይወት ይቆማል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይቆምም። ከዜሮ በታችም ቢሆን በአፈር ቅንጣት ዙሪያ ቀጭን የውሃ ሽፋን ሳይረጋ ይቆያል፣ ተሕዋሱ የሚኖረው እዚያ ነው። ከሳይቤሪያ የመጡ የቀዘቀዘ አፈር ባክቴሪያዎች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳን ሰውነታቸውን ሲገነቡ ተለክቷል። ከካናዳ ሰሜን ጫፍ የተገኘ ፕላኖኮከስ ሃሎክራዮፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይራባል። ምሥጢሩ በከፊል የሕዋሱ ሽፋን ላይ ነው። ብርድ ሲመጣ ሽፋኑ ውስጥ ያልተሟሉ የስብ አሲዶች ይበዛሉ፣ ሽፋኑም ሳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ወደ ቡሬቱ፣ አሲዱን ወደሚያንጠባጥበው ቱቦ፣ ልመለስ። አሲዱን ጠብ ጠብ ሳደርግ የጠቋሚው፣ የፌኖልፍታሊኑ፣ ሮዝ ቀለም ጠብታው ባረፈበት ቦታ ይጠፋል፣ ጠርሙሱን ሳሽከረክረው ይመለሳል። መጨረሻው ሲቃረብ መመለሱ ይዘገያል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ትወርድና ሮዙ በቃ አይመለስም፤ ነጭ ድፍርስ ብቻ። በዚህ ሰዓት ጠርሙሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራት አይቻልም። ከአፋችን የሚወጣው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ የማንንም ትንፋሽ አይመርጥም። ማስክ አድርጌ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ወዲያው ወዲያው ነው የሠራሁት። ብላንክ ደግሞ አንድ አይበቃም። በየሙቀቱ ሦስት ሦስት ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል። ይህን ቀድሜ ስለማውቅ ፍሪጁን በረዶ በሆነ ሃይላንድ ሞልቼው ነበር። ሃይላንዶቹን ግን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከአፈሩ አራቅኳቸው፣ እንዳያቀዘቅዙት። ሙቀቱን እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ቴርሞሜትርም ውስጥ ነበረ። ስትመለሱ 4 ዲግሪ ማየት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ሌሊቱን የት ደርሶ እንደተመለሰ ማወቅ አለባችሁ።

አፈሩን ፍሪዘር ውስጥ ከትተው የሚያቆዩም አሉ። ለትንፋሽ ልኬት አልመክርም። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው። ብዙ ሕዋስ ይፈነዳል፣ ሲቀልጥ የተረፉት የሞቱትን ይበላሉ፣ ጠርሙሱም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ያየ ሰው አፈሩ ሕይወት የሞላበት ይመስለዋል። እኔ የሳነቴን ሌሊት ለመምሰል በረዶና ጨው አደባልቄ ከዜሮ በታች 5 ገደማ ላይ አሳደርኩት፣ ቀን ቀን አቀለጥኩት። በመጀመሪያው መቅለጥ የወጣው ጋዝ ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዙሩ እየቀነሰ ሄደ። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው፦ ደካማው በመጀመሪያው ብርድ ያልቃል፣ የቀረው የለመደው ነው።

ግን ጋዝ ወጣ ማለት ሕይወት አለ ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1976 ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ማርስ ላይ አፈር በንጥረ ምግብ ሲያርሱ ጋዝ ወጥቶ ነበር። 160 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት የተጋገረው የማነጻጸሪያ አፈር ግን ዝም አለ። ያም ሆኖ ክርክሩ አላለቀም፣ ምክንያቱም የአፈር ኬሚስትሪም ጋዝ ማውጣት ይችላል። እኔም ተሕዋሱ የተገደለበት አፈር ያስፈልገኝ ነበር። ያንን ለማግኘት አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስ የሚገድል ድስት) ይዤ ስቀርብ የላቡ ነባር ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የግፊት ጌጁን አትመኚው፣ ቴርሞሜትሩን እዪ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። መመሪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ 121 ዲግሪ ይላል፤ ያ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጌጁ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፣ እዚህ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 117 አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ከ18 ማለፍ አለበት። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የማይሞት ስፖር (ተሕዋሱ ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) አለ። አንዴ ካፈላሁት በኋላ አሳድሬ፣ ስፖሩ ሲነቃ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ የተገደለው አፈር ከብላንኩ አልተለየም። የሳነቴ ጋዝ የተሕዋሱ መሆኑን አምኜ መናገር የቻልኩት ያኔ ነው።

የተሕዋሱን ብዛት ለማወቅ ክሎሮፎርም ተጠቀምኩ። አፈሩ በደሲኬተር (ክዳኑ ግጥም ባለ የብርጭቆ ዕቃ) ውስጥ ለ24 ሰዓት በክሎሮፎርም ጢስ ይታጠናል፣ ሕዋሱ ይሰበራል፣ ካርቦኑ በ0.5 ሞላር ፖታሲየም ሰልፌት ይወጣል። የሚወጣው የሕዋሱ ካርቦን ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ካልታጠነው ጋር ያለው ልዩነት ለ0.45 ይካፈላል። ስትገዙ ግን ጠርሙሱን አንብቡ። ብዙ ክሎሮፎርም እንዳይበላሽ ኢታኖል ይጨመርበታል፣ ኢታኖል ራሱ ካርቦን አለው፣ ልኬታችሁን ያበላሻል። ሥራው ደግሞ የግድ ጢስ መሳቢያ ካቢኔ ውስጥ ይሁን።

ቀጥሎ የምፈልገው የስብ አሲዶቹን ዓይነት ማየት ነው። በክሎሮፎርም፣ በሜታኖልና በውሃ ይወጣሉ፣ ከዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይለያቸዋል። የሞተ ሕዋስ ፎስፎሊፒድ (የሕዋሱ ሽፋን የተሠራበት ስብ) ቶሎ ስለሚፈርስ የሚቆጠረው በአብዛኛው ሕያው ነው። ለዚያ ልኬት ከእያንዳንዱ ናሙና ትንሽ ቆንጥሬ ከመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ እዚያ የሚፈለገው ስቡ ሳይፈርስ መቆየቱ እንጂ ትንፋሹ አይደለም። የ4 ዲግሪዎቹ ጠርሙሶችም አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ናቸው፣ ብልቃጣቸውን እየቀየርኩ ልኬቱን ቀጥያለሁ።