ጎንደር ላይ ወፍን በድምፅ መለየት

ረቡዕ ከሌሊቱ 11፡45 ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ደረስን። ቀኑን ስንመርጥ አስበንበት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚቆይ፣ የኪዳን ጸሎት ካለቀ በኋላ ግቢው ጭር ይላል። እሑድ ቢሆን ድምፅ ማጉያው ቀጫጭኑን የወፍ ድምፅ ሁሉ ይውጠው ነበር። የግቢውን አባት ፈቃድ ጠይቀን ከጥዱና ከወይራው ሥር ቆምን።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ዝም ብሎ የመቆሚያ ጊዜ ናቸው። ሰው ሲገባ ወፎች የሚያሰሙት የማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው እየተመሳሰለ ጀማሪን ያሳስታል። ግቢው ሰው መኖሩን ከረሳ በኋላ የሚሰማው ነው መጻፍ ያለበት።

በማስታወሻ ደብተራችን የምንጠቀመው የድምፅን አካሄድ የሚያሳዩትን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክቶች ነው፦ ቁርጥ፣ ይዘት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ደረት። ጎንደር በአታ የአቋቋም (በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበው ዜማ) ምስክር ቤት፣ ማለትም መምህራን የሚመረቁበት ትምህርት ቤት ነው፤ እነዚህን ምልክቶች ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው በከተማው አይጠፋም። የወፍን ድምፅ በፊደል ለመያዝ መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ አንዱ «ኩ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሁ» ይለዋል። ወፏ ስትርቅ ቀጭኑና ወፍራሙ ይለዋወጣል፤ ምቱና አካሄዱ ግን አይለወጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ይቆጠራል፤ ከዚያ መውጣት መውረዱ ይመዘገባል።

መጀመሪያ የተሰማው ጋጋኖ ነው። ከማደሪያው ሲነሣ እየበረረ ይጮኻል፤ ሻካራ፣ እንደ ሳቅ የተቆራረጠ፣ ከሩቅ የሚሰማ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም። ይህን ለመያዝ አንድ ቀን ይበቃል።

ችግሩ ዋኖስና ርግብ ላይ ነው። ሁሉም «ኩ» ይላሉ፤ አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው። መፍትሔው መቁጠር ነው። ዓይነ ቀዩ ዋኖስ 6 ይመታል፦ ሁለት ዝግ ያሉ፣ አራት ፈጠን ያሉ። በየቤቱ ደጃፍ የምትለቅመው ትንሿ ዋኖስ 5 ያህል ትላለች፤ ለስለስ ያለች፣ ከመሐል የምትፈጥን፣ ሳቅ የያዛት የምትመስል ናት። ጠቆር ያለው የደጋ ዋኖስ ምልክቱ ደረት ነው፤ ከጉሮሮው ሥር እያጉረመረመ አንዱን ሻካራ ድምፅ ይደጋግማል። በፋሲል ግቢ ግድግዳ ላይ የምትሰፍረው ነጠብጣብ ክንፍ ርግብ ረጅም ሰልፍ ወፍራም «ኩ» ትደረድራለች፤ ቁጥሩ ስለማይጸና እሷን በርዝመቱ እንለያለን። ሦስት ጊዜ ሳይቆጥሩ ስም መጻፍ አይገባም፤ የመጀመሪያው ምት ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ያመልጣልና 6 የነበረው 5 ሆኖ ይጻፋል።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። የዛፎቹ ሥር የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦታል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ ሁለት አታላዮች አሉ።

አንዱ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ወፍ ነው፤ ከቅጠል መሐል አይወጣም። ተባዕቱና እንስቷ ይቀባበላሉ፦ አንዱ እንደ ደወል የጠራ ፉጨት ሲያወጣ ሌላው ቅጽበት ሳያሳልፍ ይመልሳል። ርቆ ለቆመ ሰው አንድ ወፍ ይመስላል። 20 እርምጃ ወደ ጎን ሲኬድ ድምፁ ከሁለት ቦታ መምጣቱ ይለያል።

ሁለተኛው ይብሳል። ደረቱ ብርቱካንማ፣ ቅንድቡ ነጭ ነው፤ ሲነጋና ሲመሽ ይዘምራል፤ የሌሎችን ድምፅም ይሰርቃል። የባዕድ መጠሪያው ከእ.ኤ.አ. 1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ከሰነበተው ጀርመናዊ ተጓዥ ከኤድዋርድ ሩፔል ስም የመጣ ነው። አንድ ቁጥቋጦ ሥር በአምስት ደቂቃ አራት ዓይነት ወፍ የጻፈ ሰው እሱን መጠርጠር አለበት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማድመጥ ነው፤ ልዩ ልዩው ድምፅ ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ የሚፈስ ከሆነ ዘፋኙ አንድ ነው።

ስልክ ለመቅረጫ ይበቃል። የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ወደ ወፏ አዙሮ እስከ 10 ሜትር መቅረብ፣ ክንድን ከልብስ ማራቅ (የጋቢ ፍትጊያ ስንቱን ቅጂ አበላሽቷል!)፣ ቦታና ሰዓቱን መጨረሻ ላይ መናገር ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት የወረደ ድምፅ ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሆኖም ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለችና ከሌላ አገር የተቀዳው ከጎንደሩ ጋር ሙሉ በሙሉ ላይገጥም ይችላል። ያንን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለወፏ ማሰማት ግን ክፉ ነገር ነው። ባላንጣ የመጣባት መስሏት ጎጆዋን ትታ ትወጣለች፤ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል።

በአንድ ቀን ከሦስት በላይ ለመያዝ አንሞክርም። የዛሬው ጋጋኖ፣ 6 መቺው ዋኖስና ተቀባባዮቹ ጥንዶች ናቸው። ዓርብ በዚያው ሰዓት በዚያው ጥድ ሥር ቆመን፣ ደብተሩን ሳንገልጥ ሦስቱን እንፈትሻለን።